ያላሳቀው ፊልምና ያሳቀው ሂስ
«ኖርዝ» የተባለው የቤተሰብ ኮሜዲ አቀባበልና የኀያሲው ኀላፊነት

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ከሕዝብ ፊት ሲቀርብ ሁለት ዳኞች ይጠብቁታል። አንደኛው ተመልካቹ ነው፤ ፍርዱን በትኬት መሸጫው መስኮት ይሰጣል። ሁለተኛው ኀያሲው ነው፤ ፍርዱን በብዕሩ ያሰፍራል። እነዚህ ሁለት ዳኞች ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ተመልካቹ የወደደውን ኀያሲው ያጣጥለዋል፤ ኀያሲው ያወደሰውን ተመልካቹ ዞር ብሎ ሳያየው ይቀራል። ሁለቱ በአንድ ድምፅ «አይሆንም» ያሉበት ሥራ ሲገኝ ግን ጉዳዩ ያለቀለት ይመስልና መዝገቡ ይዘጋል። ማንም ተመልሶ አይመረምረውም። ከወደቀ ሥራ ሊገኝ የሚችለው ትምህርትም አብሮ ይቀበራል።

እንዲህ መዝገቡ ከተዘጋባቸው ሥራዎች አንዱ «ኖርዝ» የተባለው የአሜሪካ የቤተሰብ ኮሜዲ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በጁላይ ወር 1994 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት ጀመረ። አዘጋጁ ሮብ ራይነር ሲሆን የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጁት አለን ዝዋይብልና አንድሩ ሻይንማን ናቸው። መነሻው ዝዋይብል በ1984 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ለሥራው የወጣው ወጪ ቢያንስ 40 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ሲገመት፣ ፊልሙ በአገሩ ሲኒማ ቤቶች የሰበሰበው ገቢ ግን ከ7 ሚሊዮን ዶላር እምብዛም አላለፈም።

ራይነር ለሙያው እንግዳ አልነበረም። «ስታንድ ባይ ሚ»ን በ1986፣ «ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ»ን በ1987፣ «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ»ን በ1989፣ «ኤ ፊው ጉድ ሜን»ን በ1992 ያዘጋጀ፣ ልጅነትንም ፍቅርንም ሳቅንም በሚገባ ያወቀ ባለሙያ ነበር። ተዋንያኑም ቢሆኑ ስመ ጥር ናቸው። ልጁን ኢላይጃ ዉድ፣ ወላጆቹን ጄሰን አሌክሳንደርና ጁሊያ ሉዊ ድራይፈስ፣ በየቦታው መልኩን እየለወጠ ብቅ የሚለውን መካሪ ሰው ደግሞ ብሩስ ዊሊስ ይጫወታሉ። ወቅቱ መጥፎ ነበር ማለትም አይቻልም። በዚያው ክረምት «ዘ ላየን ኪንግ» የተባለው የካርቱን ፊልም አባትና እናትን ከነልጆቻቸው ወደ አዳራሽ ይስብ ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ ነበረ፤ «ኖርዝ»ን ግን አልፎት ሄደ።

የኀያስያን ፍርድ ከተመልካቹ ፍርድ የከፋ ሆነ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የሮጀር ኢበርት ነው። ኢበርት ከ1967 ጀምሮ የ«ቺካጎ ሰን ታይምስ» ጋዜጣ የፊልም ኀያሲ የነበረና በ1975 በፊልም ሂስ የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው። በፊልሙ ላይ በጻፈው ሂስ አንድም ኮከብ አልሰጠውም። ጥላቻውንም አንድ ግስ ደጋግሞ በመጥራት ገለጸው። ኢበርትና የቴሌቪዥን ጓደኛው ጂን ሲስክል «ኖርዝ»ን የ1994 የመጨረሻ መጥፎ ፊልም ብለው ሰየሙት። በየዓመቱ መጥፎ ፊልሞችን እየመረጠ የሚያላግጠው «የወርቅ እንጆሪ» ሽልማትም ለዓመቱ መጥፎ ፊልምነት ካጫቸው አንዱ አደረገው። በ2000 ደግሞ ኢበርት በጣም የጠላቸውን ፊልሞች የሚመለከቱ ጽሑፎቹን ሰብስቦ ባሳተመ ጊዜ፣ የመጽሐፉ ርእስ የተወሰደው ከዚያው ከተደጋገመው ግስ ሆነ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ይህን ፊልም ጠላሁት፣ ጠላሁት፣ ጠላሁት» ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ፍርዱ ትክክል ነበርን? ትክክልስ ከሆነ፣ የተሰጠበት መንገድ ለኪነ ጥበቡ ምን ጠቀመው?

ጥሩ ሐሳብ እንዴት እንደ ተበላሸ

የፊልሙ መነሻ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። ኖርዝ በትምህርቱ የተመሰገነ፣ በስፖርቱ የተዋጣለት፣ በትምህርት ቤት ተውኔት የሚጨበጨብለት ልጅ ነው። የሌላ ልጅ ወላጆች ሁሉ ለልጆቻቸው አርአያ አድርገው ይጠሩታል። የገዛ ወላጆቹ ግን አያዩትም። በእራት ገበታ ዙሪያ እናትና አባት በየሥራቸው ስለ ገጠማቸው ብሶት ሲጯጯኹ፣ ልጁ በመካከላቸው እንደሌለ ተቆጥሮ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ አንድ ሐሳብ ይመጣለታል። በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ከፈቀደው ቡድን ጋር ይዋዋላል። ታዲያ ልጅስ ከፈቀደው ወላጅ ጋር ስለምን አይዋዋልም? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ ወላጆቹ ከድንጋጤ ብዛት ራሳቸውን ይስታሉ። ዳኛው ለልጁ ነፃነቱን ይሰጠውና፣ የሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ እስከሚውለው የአሜሪካ የሠራተኞች በዓል ድረስ ወይ አዲስ ወላጅ እንዲያገኝ፣ ወይ ወደ ቤቱ እንዲመለስ፣ አለዚያም ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ እንዲገባ ይወስናል።

ይህ ሐሳብ የኮሜዲ አጥንት አለው። ማንኛውም ልጅ በተቆጣበት ቀን የጎረቤቱን እናት ተመኝቶ ያውቃል። ከዚህም በላይ ሁሉ ነገር በገበያ በሚተመንበት ኅብረተሰብ ውስጥ የወላጅና የልጅ ግንኙነት እንኳ ወደ ውልና ወደ ጨረታ ሊለወጥ እንደሚችል ማሳየት፣ የስላቅ ደራሲ ሊመኘው የሚገባ ጭብጥ ነው። ሳቁ ከባድ ነገር ሊሸከም ይችል ነበር።

አልተሸከመም። ምክንያቱም ፊልሙ ገበያውን ሊሣለቅበት ተነሥቶ ራሱ ገበያተኛ ሆኖ አረፈው። ልጁ አዲስ ወላጅ ፍለጋ ከአገር አገር ሲዞር፣ የሚጎበኛቸው ሕዝቦች በሱቅ መስኮት እንደ ተሰቀለ ልብስ አንድ በአንድ ይታዩና ይታለፋሉ። በቴክሳስ ባለጸጎቹ ባልና ሚስት በሞተው ልጃቸው ቦታ ሊተኩትና ሊያወፍሩት ይነሣሉ። በሃዋይ አገረ ገዢው ልጁን ለክልሉ ማስታወቂያ ሊያደርገው ይፈልጋል። በአላስካ ያለው የኢኑይት ቤተሰብ ሽማግሌ አባቱን በበረዶ ግግር ላይ አስቀምጦ ወደ ሞት ይሸኛል። የእናቲቱን ሚና የምትጫወተው ካቲ ቤትስ፣ የሽማግሌውን የሚጫወተው ኤብ ቪጎዳ ነው። ሁለቱም ጥሩ ተዋንያን ቢሆኑም ከዚያ ሕዝብ የተወለዱ አይደሉም። ከዚያ በኋላ የአሚሽ ገበሬዎች፣ አፍሪካ፣ ቻይና፣ ፓሪስ በችኮላ ይከተላሉ።

በእነዚህ ትዕይንቶች ውስጥ የጎደለው ሰው ነው። ኮሜዲ ገጸ ባሕርይን ሊያጋንን ይፈቀድለታል፤ ማጋነን የሙያው መብት ነው። የሚጋነነው ግን አስቀድሞ የታየ ነገር መሆን አለበት። ስስታምን የሚያጋንን ደራሲ ስስታሙ ሳንቲሙን እንዴት አድርጎ እንደሚቆጥር አስተውሏል። «ኖርዝ» ግን ያጋነነው ያየውን ሳይሆን የሰማውን ነው። ቴክሳስ ሲባል ትልቅ ባርኔጣ፣ አላስካ ሲባል በረዶ፣ ሃዋይ ሲባል ባሕር ዳርቻ። እያንዳንዱ ሕዝብ አንድ ቀልድ ብቻ ተመድቦለታል፤ ቀልዱ ሲያልቅ ሕዝቡም አብሮ ያልቃል።

የአፍሪካ ተመልካች በተለይ ሊያጤነው የሚገባ ነጥብ እዚህ ላይ አለ። በዚህ ፊልም ውስጥ አፍሪካ የራሷ ሐሳብና የራሷ ሕመም ያላት እናት ወይም አባት ሆና አትቀርብም። ልጁ ዐይቶ የሚያልፋት ምስል ብቻ ናት። ስለ ወላጅነት በሚናገር ፊልም ውስጥ ከአንድ ሙሉ አህጉር አንድ የወላጅ ቃል እንኳ ለማድመጥ ትዕግሥት አለመኖሩ፣ የቀልዱን ድህነት ከማንኛውም የኀያሲ ስድብ ይበልጥ ያጋልጣል። ስድብ የግድ ከክፉ ልብ አይመነጭም። አንዳንድ ጊዜ የሚመነጨው ከስንፍና፣ ሌላውን ሰው ለማወቅ ካለመድከም ነው።

ሕልም ነበር መባሉ

ለፊልሙ የሚከራከር ሰው ቢገኝ ሊያነሣው የሚችለው አንድ ቁም ነገር አለ። በመጨረሻ ላይ ጉዞው ሁሉ ልጁ በገበያ አዳራሽ የቤት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ያየው ሕልም መሆኑ ይገለጻል። እንግዲህ እነዚያ የተዛቡ ሥዕሎች የአዘጋጁ ሳይሆኑ የልጁ ናቸው፤ ዓለምን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ዓለምን እንዲህ ቢያልም ምን ያስደንቃል ሊባል ይቻላል።

ክርክሩ ብልህ ነው፤ ሆኖም ፊልሙ አይደግፈውም። ሥዕሎቹ የልጁ እንዲሆኑ ከተፈለገ ልጁ ከየት እንዳገኛቸው መታየት ነበረበት። ሥዕሉ ከእውነተኛ ሰው ጋር ተጋጭቶ የሚሰበርበት፣ ልጁም የሚያፍርበት አንድ ቅጽበት ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ቅጽበት የለም። ልጁ የሚነቃው ስለ ሌሎች ሕዝቦች የነበረውን አስተያየት አርሞ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ሌላው ጉድለት ነው። ታሪኩን ያስነሣው የወላጆቹ ቸልተኝነት ነበር። ሕልሙ ሲያበቃ ልጁ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ወላጆቹም በደስታ ይቀበሉታል። በእራት ገበታው ላይ ያ ሁሉ ጩኸት ለምን ነበር? ሥራቸው ምን እያደረጋቸው ነበር? ነገስ ጩኸቱ አይመለስምን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለም። የተበደለው ልጅ ሆኖ ሳለ ተምሮ የሚመለሰው ልጁ ነው። ወላጆቹ አብዛኛውን ታሪክ ራሳቸውን ስተው ስለሚቆዩ፣ ሊለወጡ ቀርቶ ሊሰሙ እንኳ ዕድል አልተሰጣቸውም። የሴራው መሠረታዊ ስብራት ይህ ነው። ፊልሙ በመጀመሪያ ያቀረበውን ክስ በመጨረሻ ሳይፈርድበት መዝገቡን ዘጋው።

መውደቅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም

ፊልም ገበያ ላይ መውደቁ መጥፎነቱን አያረጋግጥም። የፍራንክ ካፕራ «ኢትስ ኤ ዎንደርፉል ላይፍ» በ1946 ሲወጣ ወጪውን አልመለሰም። ዛሬ ግን በአሜሪካ የገና በዓል ሰሞን በየቤቱ የሚታይ ተወዳጅ ፊልም ነው። «ዊሊ ዎንካና የቸኮላት ፋብሪካው» በ1971 ሲወጣ ያገኘው ገበያ መጠነኛ ነበር። በቴሌቪዥንና በቪዲዮ አማካይነት ትውልድ ተቀባብሎት በ2014 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ሊገባ በቃ። የፈረንሳዩ ዣክ ታቲ በ1967 ያወጣው «ፕሌይታይም» የተባለው ኮሜዲ አዘጋጁን በዕዳ የዘፈቀ ሥራ ነው። ዛሬ ከሲኒማ ታላላቅ ሥራዎች ተርታ ይመደባል።

የካፕራን ፊልም ከ«ኖርዝ» ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል፤ ሁለቱ የሚመሳሰል መንገድ ተጉዘዋልና። በሁለቱም ዘንድ ባለታሪኩ በኑሮው ተማርሮ ሌላ ዓለም ያያል፤ ሁለቱም ወደ ቤት ይመለሳሉ። ልዩነቱ በዋጋው ላይ ነው። የካፕራው ጆርጅ ቤይሊ እርሱ ያልተወለደባትን ከተማ ሲያይ፣ እናቱ አታውቀውም፤ ያዳነው ወንድሙ በልጅነቱ ሞቶ መቃብሩን ያገኘዋል። እያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ነገር ይነጥቀዋል። ስለዚህ ወደ ቤቱ ሲሮጥ ተመልካቹም አብሮት ይሮጣል። ኖርዝ ግን በተዘዋወረበት ሁሉ አንዳች የሚያጣው ነገር የለም፤ የጎበኛቸውን ቤቶችም የሚተወው ሸማች ያልተመቸውን ጫማ አውልቆ እንደሚተው ነው። ያልከፈለ ሰው መመለሱ ልብ አይነካም።

«ዊሊ ዎንካ»ም ቢሆን ልጅ ስላበላሹ ወላጆች የሚናገር የሰላ ስላቅ አለው። እዚያ ግን እያንዳንዱ ጥፋት ስም አለው። የአንዷ ልጅ ስግብግብነት ከአባቷ ገንዘብ፣ የአንዱ ልጅ ድንዛዜ ከቴሌቪዥኑ ጋር በግልጽ የታሰረ ነው። ተመልካቹ ሲስቅ በማን እንደሚስቅ ያውቃል። እነዚህን ፊልሞች ጊዜ ሊያነሣቸው የቻለው፣ ወድቀው ሳለም አጥንታቸው ያልተሰበረ ስለ ነበር ነው። «ኖርዝ»ን ጊዜ አላነሣውም። በ1994 የተሰጠው ፍርድ በይዘቱ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል።

የሂሱ ዕጣ

የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ከተመለሰ፣ ሁለተኛው ይቀራል። ኢበርት በሂሱ ውስጥ ጥላቻውን ብቻ አልጻፈም። ፊልሙ ተመልካቹን እንደሚንቅ አመልክቷል። በሕዝቦች ላይ የተለጠፉትን ያረጁ ሥዕሎች ለይቶ ነቅፏል። ራይነር ተሰጥዎ ያለው አዘጋጅ መሆኑን፣ ከዚህም ውድቀት እንደሚያገግም መስክሯል። ይህ የተሟላ ሂስ ነው። ነቀፌታ አለው፤ ምክንያት አለው፤ ለሠሪው ክብር አለው። በእርግጥም ራይነር በማግሥቱ ዓመት በ1995 «ዘ አሜሪካን ፕሬዝዳንት» በተባለው ፊልም ተመልሶ ቆመ።

ሕዝብ ያስታወሰው ግን ምክንያቱን አይደለም። ያስታወሰው የተደጋገመውን ግስ ነው። ግሱ ከጽሑፉ ተነጥሎ ወጥቶ እንደ ቀረርቶ በየቦታው ይደገም ጀመር፤ የመጽሐፍ ርእስም ሆነ። በ2000 ለራይነር በተዘጋጀ የቀልድ ግብዣ ላይ አዘጋጁ ራሱ ከሂሱ ላይ ጥቂት እንዲያነብ ተደርጎ ታዳሚው ሳቀ። በነገሩ ውስጥ መራራ ቀልድ አለ። ፊልሙ በ40 ሚሊዮን ዶላር ሊያስገኘው ያልቻለውን ሳቅ ሂሱ በጥቂት መስመሮች አስገኘ። ተሰዳቢው ራሱ ሊስቅበት መቻሉ የአዘጋጁን ጨዋነት ያሳያል፤ ሊመሰገንበትም ይገባል።

ነገር ግን ሂስ ወደ መዝናኛ ሲለወጥ ፊልሙ የደረሰበት አደጋ በእርሱም ላይ ይደርሳል። «ኖርዝ» ሕዝቦችን ወደ አንድ ቀልድ ዝቅ እንዳደረገ፣ የ«ኖርዝ» ዝናም ፊልሙን ወደ አንድ ቃል ዝቅ አደረገው። ዛሬ ፊልሙን ያላየ ሰው መጥፎ መሆኑን ያውቃል፤ ለምን መጥፎ እንደ ሆነ ግን አያውቅም። ለምን የሚለውን የማያውቅ ደግሞ ያንኑ ስሕተት በሌላ ፊልም ላይ ሲያየው አይለየውም። ምክንያቱ ተረስቶ ስድቡ ብቻ የቀረበት ፍርድ ለወጣት ደራሲ የሚያወርሰው ፍርሃት ነው፤ ዕውቀት አይደለም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ብሂል ለኀያሲም ይሠራል። የፍርዱ እውነትነት ብቻውን አይበቃም፤ አባባሉ እውነቱን እንዳይሸፍነው ጥንቃቄ ያሻል።

ይህ ማለት ኀያሲ አይቆጣ ማለት አይደለም። ቁጣ ከተመልካቹ ጎን መቆም ነው። ልጆቹን ይዞ ትኬት ገዝቶ የገባ አባት ሲናቅ የማይቆጣ ኀያሲ ለማን እንደሚጽፍ የዘነጋ ነው። የኢበርት ቁጣ ከዚህ የመነጨ በመሆኑ ይከበራል። ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ግሱን አንሥተው ምክንያቱን የጣሉት አንባቢዎችና ጋዜጦች ናቸው። ሆኖም ብዕር የያዘ ሰው ከጽሑፉ ውስጥ የትኛው ቃል ተነጥሎ እንደሚበር አስቀድሞ ሊገምት ይገባዋል። ከሁሉ በላይ የሚደምቀው ዐረፍተ ነገር ምክንያቱን በውስጡ የያዘ ቢሆን፣ ሲደጋገም የሚደጋገመው ትምህርት ይሆን ነበር።

መምህር የተማሪውን የተሳሳተ ድርሰት በቀይ ብዕር ሰርዞ «ዜሮ» ቢጽፍበት ማርኩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ተማሪው ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከመክተት በቀር የሚያገኘው የለም። በኅዳጉ ላይ «እዚህ ላይ ሰውየውን አላየኸውም» ብሎ የጻፈለት መምህር ግን ቀጣዩን ድርሰት አብሮት ጽፏል። ለ«ኖርዝ»ም ሊጻፍለት የሚገባው ይኸው ነበር። ልጁ በእራት ገበታ ላይ ለወላጆቹ እንዳልታየ ሁሉ፣ ፊልሙ ይዟቸው የዞረው ሕዝቦችም ለፊልሙ አልታዩም። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ተረድቶ የሚነሣ የኮሜዲ ደራሲ፣ ከወደቀው ሥራ ላይ ተረማምዶ የሚያስቅ ሥራ ሊሠራ ይችላል።